የአንሶላው ጥግ

ጥቅምት 9

ለወንድሜ ለሸንበቆ፣

ጤናህ እንደ ቁመትህ ይርዘምልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እመነኝ እንጂ፣ “በሕይወት አለሽ ወይ? በሕይወት አለሽ ወይ?” እያልክ ባገኘኸው ሾፌር ሁሉ ሦስት ወረቀት መላክ ምን ይሉታል? የሞተ ሰው መልስ አይጽፍም። እኔ ይኸው እየመለስኩልህ ነው።

አዎ፣ ሆቴሉ መቃጠሉ እውነት ነው። እኛ ልብስ አጣቢዎቹ ያለንበት ምድር ቤት ግን አልተነካም፤ የነደደው ከሦስተኛው ፎቅ ጀምሮ ወደ ላይ ነው። ሁለት እንግዶች ሞተዋል፣ ነፍስ ይማር። ከምን እንደተነሳ ገና አልታወቀም። አንተ በዚያ ርቀት ሆነህ አትጨነቅ፤ ጎማህን ንፋ።

ባለፈው የላክሁልህ ቁራጭ ወረቀት ላይ ያለው ጽሕፈት የማን ነው ላልከው፣ የካውያ ነው። ይህንንም የምትጽፍልኝ እሷ ናት። አብራኝ የምትሠራ ልብስ ተኳሽ ናት፤ ስሙን ያገኘችው ከሥራዋ ይሁን ከጠባይዋ እስካሁን አልለየንም። ቶሎ ግላ ቶሎ ትበርዳለች። የማስጽፋት እኔ ሥራ ስለበዛብኝ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለውም።

(እኔ ካውያ ነኝ። ውሸቷን ነው። እጆቿ እስከ ክርኗ በፋሻ ተጠቅልለዋል፤ የማጎርሳት እኔ ነኝ። አሁንም አልጋዋ ላይ ሆና “ምንድን ነው ያ ሁሉ የምትሞነጫጭሪው?” እያለች ታፈጥብኛለች። ሰላምታ ነው ብያታለሁ።)

በል እንግዲህ፣ በደንብ ብላ። ጋዜጣ ላይ የሚጻፈውንም ሁሉ አትመን።

እህትህ


ጥቅምት 24

እታለም፣

ጤናሽን አልጠይቅሽም፤ ብጠይቅሽም እውነቱን አትነግሪኝም። ለካውያ ዕድሜ ይስጥልኝ። ያችን ሰላምታዋን ሳነብ እጄ ላይ የነበረው የጎማ መፍቻ እግሬ ላይ ወደቀ፤ አሁን እያነከስኩ ነው፤ አንቺ ነሽ ጥፋተኛዋ።

ጋዜጣ አትመን ብለሽኝ የለ? ጋዜጣው ጎሚስታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ የለጠፍኩትም እኔ ነኝ። ጎማ ሊያስነፋ የመጣ ሾፌር ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ዘፋኙ፣ ያ ሀገሩ ሁሉ የሚያብድለት፣ ትንሽ ልጅ አቅፎ፣ ከኋላው ጭስ እየተትጎለጎለ። ከሥሩ “ድምፁ ብቻ ሳይሆን ልቡም ወርቅ” ይላል። ሜዳልያ ሊሸልሙት ነው፤ ጎዳናም በስሙ ሊሰይሙ ነው አሉ። መጀመሪያ እኔም እንደ ሰው ሁሉ “ወንድ!” አልኩ።

ከዚያ ልጅቷ የተጠቀለለችበትን አንሶላ አየሁት። ጥጉ ተንጠልጥሏል፤ ጥጉ ላይ አረንጓዴ ክር አለ፣ የወፍ እግር የሚመስል፣ ሦስት ጥልፍ። እታለም፣ እኔ እኮ ያንን የወፍ እግር በሸሚዜ አንገት ውስጥ ይዤ ነው ያደግሁት! ልጆች ሸሚዜን እንዳይቀይሩብኝ ብለሽ የምትሰፊውን። ከእነዚያ ሸሚዞች አንዷ አሁንም ሻንጣዬ ውስጥ አለች።

አሁን ንገሪኝ። ያንቺ አንሶላ እሱ እጅ እንዴት ገባ? ያንቺ እጅ በፋሻ ተጠቅልሎ የእሱ እጅ ፎቶው ላይ እንደ ሙሽራ እጅ የጠራው ለምንድን ነው? እንዳትዋሺኝ። በእናታችን አፈር ማዪልኝ።

ሸንበቆ


ኅዳር 5

ሸንበቆዬ፣

ይኸው የራሴ ጽሕፈት። ዶሮ የጫረችው ቢመስልም እኔው ነኝ፤ ጣቶቼ ገና አይታዘዙልኝም። ፋሻው ወልቋል። ሕመሙ ቀርቶልኝ ማሳከኩ ነው ያስቸገረኝ።

ማዪልኝ ብለሃል። በእናታችን አፈር አልምልም፤ ግን አልዋሽህም። አንሶላው የእኔ ነው። ገንዳ ውስጥ የተዘፈዘፉትን አንሶላዎች ከነውኃቸው ታቅፌ በሠራተኛ ደረጃ ወጣሁ፤ ያገኘሁትን ሰው እየጠቀለልኩ አወረድኩ። ስንት ሰው ነው ብትለኝ፣ አልቆጠርኩም። እሱንም አትጠይቀኝ፤ በሕልሜ የሚመጡት ያላወረድኳቸው ናቸው። ልጅቷን ይዤ ከኋላው በር ስወጣ ዘፋኙ በፒጃማው ቆሞ ይንቀጠቀጣል። አልፈርድበትም፣ እኔም እንቀጠቀጥ ነበር። “ያዝልኝ” አልኩትና ራሷን የሳተችውን እናቷን ላመጣ ተመለስኩ። ያዘ። እሱ ያደረገው ይኸው ነው። ፎቶ አንሺው የደረሰው ያኔ ነው።

ሰውየው መጀመሪያ ላይ እኮ አልዋሸም። ዝም አለ። ዝም ሲል አጨበጨቡለት፤ ሲያጨበጭቡለት አለቀሰ፤ ሲያለቅስ ጭራሽ አበዱለት። አሁን ከዚያ ላይ በምን ይውረድ?

ክሩን እንደ ማዕረግ አታድርገው። ቅርጹ የእኔ ነው፤ ቀለሙን የሰጠኝ አስተዳደሩ ነው። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ ቀለም ያደሉን፣ አንሶላ ከነእድፉ ሲመለስ ወይም ሲቀደድ ማንን እንደሚቆጡ እንዲያውቁ ነው። ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ በዚያ ክር ተጠርቼ ተመስግኜ አላውቅም። “አረንጓዴዋ ትምጣ!” ሲባል ሽርጤን ሳልፈታ የምሮጠው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እለምንሃለሁ፣ ለማንም አትናገር። የኋላ በር ዘበኛው ያየውን ለአንድ ጋዜጠኛ ነግሮ ነበር። በማግሥቱ በሩ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ አገኘን። ጫማው እስካሁን ከአግዳሚው ሥር አለ። ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ ይሉናል፤ ጫማውን ትቶ የሚዛወር ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

እኔ የምፈልገው ሥራዬን ሠርቼ፣ በሬን ዘግቼ መተኛት ብቻ ነው። ይህን አድርግልኝ።

እህትህ


ኅዳር 20

እታለም፣

ይቅር በይኝ። ከምን ልጀምርልሽ?

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ከረፈደ በኋላ ነው። መልስሽን መጠበቅ አቅቶኝ ለጋዜጣው ጽፌላቸዋለሁ። ሳልተኛ አድሬ ነው የጻፍኩት። “አንሶላው ጥግ ላይ ያለው አረንጓዴ ክር የእህቴ ነው፤ ልጅቷን ያወጣቻት አጣቢዋ እህቴ እንጂ ዘፋኙ አይደለም” አልኩ። ያወጡታል ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ በመጨረሻው ገጽ፣ ከጠፋ ላም ማስታወቂያ በላይ አውጥተውታል።

ምን ታስቢ ነበር ብለሽ እንደምትጮኺብኝ አውቃለሁ። ያሰብኩት ይህን ነው። አሳድገሽኛል። የሰው ልብስ አጥበሽ አስተምረሽኛል። አንድ ቀን እንኳ ማንም “እሷ ማን ናት?” ብሎ ጠይቆ አያውቅም። ያ ፒጃማ የለበሰ ሰውዬ ጎዳና ሲሰየምለት እኔ ግድግዳ ላይ ለጥፌ ዝም ልበል? አቃተኝ እታለም። ቅናት በይው።

የዘበኛውን ነገር ሳነብ ግን በረደኝ። ጫማው አሁንም አለ?

ሸንበቆ


ታኅሣሥ 2

አንተ ልጅ፣

ይቅርታህን ተቀብያለሁ። መቀበል ሌላ፣ መናደድ ሌላ ነው፤ ሁለቱንም ባንድ ላይ እያደረግኩ ነው።

ጫማው የለም። ባለፈው ሳምንት አንስተውታል።

አሁን ደግሞ ደስ የሚልህን ልንገርህ፤ እየመረረኝም ቢሆን እነግርሃለሁ። የልጅቷ እናት የጻፍከውን አንብባ መጣች። ሆስፒታል ከርማ መውጣቷ ነው። ገንዳው ድረስ ገብታ ጠባሳዬን ሳመችው። እጄን የሳመኝ ሰው ኖሮ አያውቅም፤ በረኪና በረኪና እሸታለሁ ብዬ አፈርኩ። “እውነት አንቺ ነሽ?” አለችኝ። አዎ አልኳት። ደስ አለኝ ሸንበቆ። አልክድህም፣ ደስ አለኝ።

እሷ በወጣች በሳምንቱ ሌላ እንግዳ መጣ። ከዘፋኙ ቢሮ የተላከ ነው። ስሙን ስላልነገረን “ለስላሳው” ብለነዋል፤ ንግግሩም ለስላሳ፣ ጫማውም ድምፅ የለው። “እርስዎ” ይለኛል። ዕድሜዬን ሙሉ “አንቺ” ስባል ኖሬ፣ አንድ ሰው ድንገት “እርስዎ” ሲለኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ሰው ፈለግሁ። ከሜዳልያው ጎን የአጣቢዎቹም ሥራ ለሕዝብ ሊታይ ነው አለኝ። “እስቲ ምልክትዎን ሲሰፉ ልይ” አለ። ሰፋሁለት። አጠገቤ ጎንበስ ብሎ እንደ ተማሪ አየ። “አንዴ ይድገሙልኝ።” ደገምኩለት። “ሌላ ሰው እንዲህ አድርጎ መስፋት ይችላል?” አለኝ። ሦስት ጥልፍ ነው፣ ማን ያቅተዋል አልኩት። ሳቀ። ስንብት ላይ ጥቅል ክሬንም ለማሳያ ብሎ ወሰደ፤ ምን ብዬ ልከልክለው?

ከዚያ ወዲህ አጣቢዎቹ ሁሉ ክራቸውን ከአንሶላው እንዲተረትሩ ታዘዋል። ቀዩም፣ ሰማያዊውም፣ ቢጫውም ተተርትሯል። አረንጓዴው ግን እንዳይነካ ተባለ። አሁን በዚህ ሆቴል ምልክት ያለው የእኔ አንሶላ ብቻ ነው።

ካውያ ኃላፊ ሆናለች፤ ወንበርና ቁልፍ ተሰጥቷታል። እንኳን ደስ ያለሽ ብያት “ተይኝ” አለችኝ። ቁልፉንም ሽርጧ ኪስ ውስጥ ደበቀችው።

እህትህ


ታኅሣሥ 16

እታለም!

ጉዳዩ ተቃንቷል! ለስላሳው ያልሽው ሰውዬ እዚህ ድረስ መጣ። ጥቁር መኪና ነው የያዘው፤ ጎማውን እንኳ እኔው ነፋሁለት፣ አላስከፈልኩትም። የጻፉት አስደንቆናል፣ እህትዎ የሚገባቸውን ያገኛሉ አለኝ። የሚገባቸውን! በጆሮዬ ነው የሰማሁት።

ለዚህ ደግሞ ማረጋገጫ ያስፈልጋቸዋል። ስለዚህ ፈረምኩለት። “አረንጓዴ ክር፣ የወፍ እግር ቅርጽ፣ የእህቴ ብቻ ነው፤ ቅርጹን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በሌላ ሰው እጅ ተሰፍቶ አይቼ አላውቅም” ይላል። አጣርቼ ነው ያነበብኩት፤ አንድም ውሸት የለበትም። ክሬን ወሰደ ብለሽ ነበር፤ ይኸው ለዚህ ነዋ!

አዲስ ቀሚስ ግዢ። ሜዳልያ በሽርጥ አይቀበሉም።

ሸንበቆ


ታኅሣሥ 18

ሸንበቆ፣

ምንም ነገር እንዳትፈርም። ማንም ይምጣ ማን፣ አልጻፍም፣ አላነብም፣ አላውቅም በል። ደደብ ምሰል፤ ለእኔ ስትል።

ዛሬ የእሳቱን መነሻ የሚያጣሩ ሰዎች ሦስተኛ ፎቅ ያለውን የአንሶላ ማስቀመጫ ክፍል ከፈቱት። ለስላሳው አብሯቸው ነበር። ከአመዱ ሥር አንድ የልብስ ካውያና የአንሶላ ጥግ አወጡ። አረንጓዴ ክር አለበት። አንሶላው ከስሎ፣ ግድግዳው ከስሎ፣ በሩ ከስሎ፣ ያቺን የክር ቁራጭ እሳቱ እንዴት ተዋት? እኔ እዚያ ክፍል ካውያ ይዤ ገብቼ አላውቅም። ተኳሽ አይደለሁም።

ይህን የሚያመጣልህ ሾፌር ቶሎ እንዲነዳ ለምኜዋለሁ።


ጥር 6

እታለም፣

ሾፌሩ መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ቆየ። ወረቀትሽ የደረሰኝ ጋዜጣው ከደረሰ በኋላ ነው።

“የሆቴሉን እሳት ያስነሳችው አጣቢ ተያዘች” ይላል። በፊተኛው ገጽ። የእኔ ፊርማ ከነፎቶው ወጥቷል፤ “ወንድሟ ራሱ አረጋግጧል” ብለውታል። የሁለት ሰው ሕይወት ያለፈበት ስለሆነ ዕድሜ ልክ ሊፈረድባት ይችላል ይላል። ግድግዳውን ቧጥጬ ያንን ፎቶ አወረድኩት። ምን አደረግኩሽ? በገዛ እጄ ምን አደረግኩሽ?

ለስላሳው ትናንት ተመልሶ መጣ። ሁለተኛ ወረቀት ይዟል። “ክሩ የእህቴ አይደለም፤ ልጅቷን አወጣች ያልኩትም ከፍቅር የተነሳ የፈጠርኩት ነው” ይላል። ይህን ከፈረምኩ ክሱ ይነሳል አለኝ። ቁጣ የለ፣ ዛቻ የለ። ሻይ ጋበዘኝ። “የሚቸኩል ነገር የለም፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ ችሎት ድረስ ያስቡበት” ብሎኝ ሄደ።

ልፈርም? ልፈርምና ላውጣሽ። ሕዝቡ ዘፋኙን ያምልክ፤ ጎዳናውንም፣ ሜዳልያውንም ይውሰድ። እኔ አንቺን ነው የምፈልገው። ምን ልበል? አንቺ ያልሽኝን ነው የምለው፣ በዚህ ጊዜ እምላለሁ።

ደግሞስ ይመቱሻል? እጅሽስ?

ሸንበቆ


ጥር 10

የእናቴ ልጅ፣

ማንም አልመታኝም። እጄ ደህና ነው። እዚህም አንሶላ የማጥበው እኔ ነኝ፤ ሥራዬን ሲሰሙ ወዲያው ገንዳ ላይ አቆሙኝ። የእስር ቤት አንሶላ ምልክት የለውም፤ ማንን እንደሚቆጡ እንዴት እንደሚያውቁ እንጃ።

መጀመሪያ ማልቀስህን አቁም። ጥፋቱ ያንተ አይደለም። ክሩን በገዛ እጄ ሰፍቼ ያሳየሁት፣ ጥቅሉንም አንስቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ክሬን ወስዶብኛል ብዬ ለመርማሪው ነግሬዋለሁ፤ ጻፈው፤ ሲጽፍ ግን ፈገግ አለ። ካውያም ቃሏን ሰጥታለች። የጋለ ካውያ ትቼ ስወጣ እንዳየችኝ ነው የተናገረችው። ዓይኗን ፈለግሁት፣ ወለሉን ታያለች። እንዳትረግማት። ከሆስፒታል እስከ ቤት ያጎረሰችኝ እሷ ናት፤ ምን ብለው እንዳስፈራሯት አናውቅም።

ልፈርም ወይ ላልከው። በጥቅምት ብትጠይቀኝ “ፈርምና ወደ ሥራህ ተመለስ” እልህ ነበር። ስሜ እንዳይነሳ ስለምንህ አልነበር? አሁን ግን ወረቀቱን ለእኔም አስነበቡኝ። ያንን ከፈረምክ የተቃጠለው ጥግ የእኔ መሆኑ ይቀራል፤ ልጅቷን የጠቀለልኩበትም የእኔ መሆኑ አብሮ ይቀራል። አንዱን ትቶ አንዱን መያዝ የለም፤ ለስላሳው በዚያ በኩል ጎበዝ ነው።

ያቺ እናት ትናንት መጥታ ነበር። አጥሩ ማዶ ቆመችና “አቃጥለሽን ነው ያወጣሽን?” አለችኝ። “ያወጣሁሽ እኔ ነኝ፤ ያቃጠልኩሽ ግን እኔ አይደለሁም” አልኳት። ያመነችኝ አልመሰለኝም። ግን ልጅቷን ይዛ ነው የመጣችው። ልጅቷ ጠባሳዬን አይታ በጣቷ አመለከተችና “እሷ ናት” አለች። እናቷ አፏን ይዛ ጎትታ ወሰደቻት። ልጅ አፉ የተያዘበትን ነገር እኔ አልክድም ሸንበቆ። ያችን ልጅ ውሸታም አላደርጋትም።

ስለዚህ አትፈርም። ና እና መስክር። የአንሶላው ክር የማን ነው ሲሉህ “የእህቴ ነው” በል። የተቃጠለውንስ ሲሉህ፣ ጥቅሉን ማን እንደወሰደ የጻፍኩልህን ደብዳቤ አሳያቸው። እህት ለወንድሟ የጻፈችውን ማን ማስረጃ ይለዋል ትል ይሆናል፤ ቢሆንም ይዘኸው ና፣ በሻንጣ ሳይሆን ደረትህ ላይ። ያችንም የልጅነት ሸሚዝህን አምጣት። ልበሳት አላልኩም፣ ክንድህም አይገባባት። እጄ የሰፋውንና ሌላ እጅ የሰፋውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይዩ፤ የሚያይ ዓይን ካለ።

አንድ ነገር ደግሞ። ለስላሳው ጠዋት መጥቶ “ወንድምዎን አውቶቡስ ጣቢያው ላይ እኛ እንቀበላቸዋለን፣ አይጨነቁ” አለኝ። አይጨነቁ ሲለኝ ነው የተጨነቅሁት። መምጣትህን ማን ነገረው? ከጣቢያው በፊት ውረድ። ከምታውቀው ሾፌር ጋር ና። ጥቁር መኪና ቢቆምልህ አትግባ፤ ሻንጣህን ልያዝልህ ቢልህም አትስጠው። ችሎት ገብተህ ስትቆም ደግሞ ጎንበስ አትበል። ረጅም ነህ፤ ሰው ሁሉ ይይህ።

እህትህ


ጥር 21

ሸንበቆዬ፣

ሰኞ ችሎት ላይ ስምህ ተጠራ። በሩን አየሁ። እንደገና ተጠራ። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ “ምስክሩ አልቀረቡም” አለና ቀጠሮ ሰጠ።

እኔ ግን አልተቀመጥኩም። ሳይጠይቁኝ ተነሥቼ “ልጅቷ የተጠቀለለችበት ክር የእኔ ነው” አልኩ። ድምፄ እስከ ኋላው ወንበር ተሰማ። ኋላ የተቀመጡት ሲንሾካሾኩ ሰማሁ፤ ያቺ እናት መካከላቸው ነበረች። ዝም በይ ተባልኩ። ዝም አላልኩም፣ ደገምኩት። ብታየኝ ትኮራብኝ ነበር።

ለስላሳው ከፊተኛው ወንበር ተቀምጦ ነበር። አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሰላም አለኝ። ጉልበቱ ላይ የታጠፈ ሸሚዝ ይዟል። ትንሽ የልጅ ሸሚዝ ነው፤ አንገትጌው ወደ ውስጥ ታጥፏል።

ጎሚስታ ቤት ላክሁ፤ ቅዳሜ ወጥቷል አሉ። ሾፌሮቹን አስጠየቅሁ፤ ከጣቢያው በፊት አውርደነዋል አሉ። ከዚያ ወዲያ ያየህ የለም።

በዚህ ሳምንት ይህ ሦስተኛ ወረቀቴ ነው፤ ባገኘሁት ሾፌር ሁሉ እየላክሁ ነው። ሳቅብኝ፣ ፈቅጄልሃለሁ። በሕይወት አለህ ወይ? አንድ ቃል ብቻ ላክልኝ። በሌላ ሰው ጽሕፈትም ቢሆን።

እታለምህ